ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ

በ1950 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን ሲመርጥ፣ ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ከገቡት መካከል አንዲት ሴት ነበሩ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ። ቀጥሎም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። አባታቸው ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ናቸው። ስንዱ በስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ፤ በጠላት ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ተማረኩና ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ።

በገዳሪፍ ካለነው ስደተኞች መካከል ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የተጠጋ የጎንደር ተወላጅ እናት አሉ። በዚያ ምርጫ ድምፃቸውን የሰጡት ለሌላ ሰው ነው፤ ፍቅራቸው ግን እስከ ዛሬ ለስንዱ ነው። (የከንቲባው ልጅ መሆናቸውም ሳያኮራቸው አልቀረም።)

እኛ ወጣቶቹ እንከራከራቸዋለን። ፓርቲ አልተፈቀደም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ ለመመረጥ ንብረት ይጠየቅ ስለ ነበር ድኻው ጭሰኛ ቢመርጥ እንጂ አይመረጥም። ታዲያ እንዲህ ያለ ምክር ቤት ምን ይረባል? እናታችን ይህን አይክዱም። ነገር ግን የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሴት ድምፅ በሰጠበት ዘመን፣ ያን ዕለት ከባላቸው እኩል መቆጠራቸውን ይነግሩናል፤ ስንዱም ከወንዶቹ እኩል ወንበር ይዘዋል። ይህንን ክርክር እስካሁን አልረታንም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በአገር ቤት ምርጫ ሲደረግ፣ ድንበር ለተሻገርነው የድምፅ ሣጥን አልመጣልንም። ልጃገረዶቻችን ስንዱ ማን እንደ ሆኑ አጥብቀው የጠየቁን በዚያ ሰሞን ነው፤ ይህንንም የጻፍነው ለእነሱ ነው።