የሐርላ ግዙፋንና የዋካንዳ ጀግና

በ2009 ዓ.ም. በሰኔ ወር የሁለት ስውር ከተሞች ወሬ በዓለም ተሰማ፡፡ አንደኛይቱ «ብላክ ፓንተር» የተባለው ፊልም ማስታወቂያ ያሳያት ልብ ወለዲቱ ዋካንዳ ስትሆን፥ ሁለተኛይቱ ቲሞቲ ኢንሶል የተባሉት የአርኬዎሎጂ ሊቅ ከድሬዳዋ አጠገብ የቆፈሯት ሐርላ ናት፡፡

ማስታወቂያው የሚጀምረው በክፍል ውስጥ ነው፡፡ ሁለት ሰዎች ድሃ ስለምትመስል አገር ሲነጋገሩ ካሜራው ወደ ፊታቸው ይጠጋል፡፡ ወዲያው ሥዕሉ ተለውጦ ከተማይቱ ብቅ ስትል የተናጋሪው ድምፅ አይቋረጥም፤ በጆሮ የሰማነው በዓይን የጸደቀ ይመስለናል፡፡ ከዚያም ዘፈኑ ይገባል፤ ሥዕሎቹም በምቱ ልክ እየተቆረጡ ስለሚፈራረቁ፥ ተመልካቹ ለመመዘን ፋታ ሳያገኝ ጀግናው ይገዝፍበታል፡፡

የሐርላ አፈ ታሪክ ይህንኑ ያለ ካሜራ ሠርቶታል፡፡ ገበሬው ታላላቁን የግንብ ድንጋይ አይቶ፥ ይህን ያነሡ ግዙፋን ናቸው ብሎ ለልጁ ነገረ፡፡ መቃብሩ ሲቆፈር ግን የተገኘው ዐፅም ቁመቱ እንደ እኛው ሆነ፡፡

እኛስ በዚህ አላዘንንም፡፡ እነዚያ ተራ ቁመት ያላቸው ሰዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ ሠርተዋል፤ ከብርጭቆና ከከበረ ድንጋይ ዶቃና ጌጥ አበጅተዋል፤ ከየመን፥ ከማልዲቭና ከቻይና የመጣ ዕቃ በእጃቸው ገብቷል፡፡ ዋካንዳ የከበረችው ራሷን ሰውራ ነው፤ ሐርላ ግን በሯን ለነጋዴ ከፍታ፡፡

የመንደሩ ሰዎች የግዙፋኑን ነገር ፈጽመው የተዉት እንዳልመሰላቸው ሊቁ በዚያን ጊዜ ተናግረዋል፡፡