ተቀምጦ መነሣት

አማርኛ ካሜራን ሲቀበል ስሞቹን ከባዕድ ተበደረ፤ ግሦቹን ግን ከቤቱ አወጣ። ካሜራ፣ ፊልም፣ ሌንስ፣ ኔጋቲቭ፣ ፍላሽ፣ አልበም፣ አንዱም የአገር ልጅ አይደለም። ማንሣት፣ መነሣት፣ ማጠብ፣ ማሳጠብ፣ መቃጠል ግን ካሜራ ሳይታሰብ የነበሩ ቃላት ናቸው። ፊልም የሚጎርሰው ካሜራ ከፋብሪካ መውጣቱ ቀንሶ፣ እዚህ ዲላም ሆነ ሌላ ቦታ በስልክ ከተተካ ወዲህ ከስሞቹ ብዙዎቹ ከሰው አፍ እየወጡ ነው። ግሦቹ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ «ማንሣት» ነው። ፎቶ ቤት ገብቶ በርጩማ ላይ ቁጭ ያለ ሰው «ተነሣህ?» ሲባል «አዎ፣ ተነሥቻለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ ከተቀመጠበት ግን አልተንቀሳቀሰም። ለሕፃን ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። የግሡ ሥር የግእዙ «ነሥአ» ነው፤ ትርጉሙም ወሰደ፣ ተቀበለ፣ አነሣ ነው። በአማርኛ ሁለት ልጆች ወልዷል። አንደኛው «ነሣ» ነው፤ «እንቅልፍ ነሣኝ»፣ «ፊት ነሣኝ» ስንል መንጠቅን፣ መከልከልን ይይዛል። ሁለተኛው «አነሣ» ነው፤ ከወደቀበት ብድግ ማድረግ። ፎቶ የሚነሣው በሁለተኛው ነው።

እንግሊዝኛው «መውሰድ»፣ ፈረንሳይኛውም «መያዝ፣ መውሰድ» በሚሉ ግሦች ስለሚጠቀም የእኛው የእነርሱ ትርጉም ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልስማማም። ማስረጃዬ ጎረቤት ነው። ትግርኛ ተናጋሪ «ስእሊ ኣልዓለ» ይላል፤ «ኣልዓለ» ከፍ አደረገ፣ አነሣ ማለት እንጂ ወሰደ ማለት አይደለም። ኦሮምኛም «ሱራ ካሱ» ይላል፤ «ካሱ» ማስነሣት፣ ብድግ ማድረግ ነው። ሦስት ቋንቋዎች በሦስት የተለያዩ ሥሮች አንድ ሐሳብ ተናገሩ። ከፈረንጅ የተተረጎመ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዱ «ወሰደ» ባለ ነበር። ምስልን ከሰው ላይ የሚወስድ ሳይሆን የሚያነሣ አነጋገር የእዚሁ አገር ነው ብዬ አምናለሁ።

የካሜራው መምጣት የታወቀ ታሪክ አለው። እንግሊዞች በ1868 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የጦር መሐንዲሶቻቸው ካሜራ ይዘው ነበር፤ በዚያው ዓመት ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር በፎቶ አንሺዋ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ቀርቦ ተነሥቷል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 አዲስ አበባ ገብቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሥራውንም ልጆቹ ወረሱ። ሽመልስ ደስታም ከ1963 እስከ 1982 ንጉሠ ነገሥቱንም ደርግንም አንሥቷል። «ፎቶግራፍ» የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ ብርሃንና መጻፍ ተጋጥሞ የተሠራ ነው። ለዓለም ያስተዋወቀው ሳይንቲስቱ ጆን ኸርሼል ሲሆን ጊዜው 1839 ነበር፤ «ኔጋቲቭ» እና «ፖዘቲቭ» የሚሉትንም ለፎቶ የሰጠው እርሱ ነው።

አማርኛ ከዚህ ሁሉ ስም ጋር ከራሱ ያስገባው አንድ ጠንካራ ቅጽል አለ፦ «ጉርድ»። ጎረደ፣ ቆረጠ። ጉርድ ቀሚስ፣ ጉርድ በርሜል እንደምንለው ሁሉ ከደረት በላይ ያለው ሰው «ጉርድ ፎቶግራፍ» ሆነ። ለሥራ፣ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባ «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ» ያልተጠየቀ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ቃሉ ትንሽ ጭካኔ አለበት፤ ግን ልክ ነው።

«ካሜራ» ደግሞ ክፍል ማለት ነው። ግሪክ «ካማራ» ሲል ቅስት ጣሪያ ያለውን ቤት ነበር፤ ላቲን ወስዶ «ካሜራ» አለው። ግእዝም ከዚሁ ጎራ «ቀመር» አለው፤ የቀስት ቅርጽ ያለው ጣሪያ፣ ጠፈር። የሥነ ፈለኩ ሊቅ ኬፕለር በ1604 በአንዲት ቀዳዳ ብርሃን የሚገባበትን ክፍል «ካሜራ ኦብስኩራ»፣ ጨለማ ክፍል፣ ብሎ ጻፈ። ቅጽሉ ወድቆ ስሙ ብቻ ለመሣሪያው ቀረ። በእኛ ፎቶ ቤቶች ፊልም የሚታጠብበት ጓዳ «ጨለማ ክፍል» ይባል ነበር፤ የኬፕለር ሐረግ ቃል በቃል ማለት ነው፣ የተሰየመው ነገር ብቻ ሌላ ነው። ደግሞም ቃሉን ከጣልያን አልወሰድንም። ጣልያን መሣሪያውን «ማኪና ፎቶግራፊካ» ይላል፤ «ካሜራ» ለእርሱ ዛሬም መኝታ ቤት ነው። ከጣልያን የወሰድነው ካሜራውን የምንፈታበትን «ካቻቢቴ» ነው፤ «ካቻ» መንዳት፣ «ቪቴ» ብሎን። ያ «ቪቴ» ደግሞ በላቲን የወይን ሐረግ ነበር፤ ሐረጉ ተጠምጥሞ ስለሚወጣ።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ዜኒት ኢ አለ። ሞስኮ አጠገብ በምትገኘው ክራስኖጎርስክ ከ1965 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር የተመረተ፣ አሁን ግን የማይመረት ዓይነት ነው። ከነሌንሱ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ሲነሣበት ድምፁ በር የተዘጋ ያህል ነው። ስሙን ዐረቦች ሰጡት ማለት ይቻላል። «ሰምት አር ራእስ»፣ ከራስ በላይ ያለው አቅጣጫ፣ የሚለውን የመካከለኛው ዘመን ላቲን ጸሐፊዎች ሲገለብጡ የ«ም»ን ፊደል «ኒ» ብለው አነበቡትና «ሰምት» «ሰኒት» ሆነ፤ ከዚያ ዜኒት። «ራእስ» የእኛው ራስ ነው። አንድ የቅጂ ስሕተት ከሰማይ አናት ወርዶ ካሜራ ላይ ተቀረጸ።

ሌንሱ ላይ «ሄሊዮስ 44-2» ይላል፤ ሄሊዮስ በግሪክ ፀሐይ ነው። ከካሜራው ስም በላይ ግንባሩ ላይ ያለው ባለ ጥርስ መስተዋት የብርሃን መለኪያው ሲሆን ውስጡ ሴሌኒየም ነው፤ ሴሌኔ ደግሞ ጨረቃ። ኬሚስቱ በርዜሊየስ በ1817 ያን ንጥረ ነገር ሲያገኝ በምድር ስም የተጠራ ሌላ ንጥረ ነገር ዘመድ ሆኖ አገኘውና በጨረቃ ሰየመው። ስለዚህ ዜኒት ፀሐይን ከታች፣ ጨረቃን ከላይ ተሸክሞ ይዞራል። ሴሌኒየም ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ባትሪ አይፈልግም። ችግሩ ማርጀቱ ነው። አብዛኛው ዛሬ የሚገኘው ዜኒት መርፌው ወይ አይንቀሳቀስም ወይ ይዋሻል፤ መለዋወጫ ከመፈለግ ይልቅ መርፌውን ረስቶ በዓይን መሥራት ይሻላል። ደንቡ አጭር ነው፤ በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጎ የሻተሩን፣ የብርሃን መዝጊያውን፣ ፍጥነት ለፊልሙ ቁጥር ማቅረብ። ባለ 400 ፊልም ከሆነ የዜኒት የመጨረሻ ፍጥነት 1/500 ይበቃል። የጌዴኦ ማሳ ውስጥ ሲገባ ግን ይህ ደንብ ይሰናከላል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ አጠገብ ቡና፤ ብርሃኑ በየእርከኑ ተጣርቶ ነው መሬት የሚደርሰው። እዚያ ቀዳዳውን ወደ 4 ወይም 2.8 ማስፋት፣ ሲብስም እስከ 2 መክፈት ነው።

«ሌንስ» ምስር ነው፤ በላቲን የምናበስለው ምስር። በሁለት ጎኑ ያበጠውን መስተዋት ያዩ ሰዎች ከምስር ፍሬ ጋር አመሳሰሉት፤ ዐረብኛም ለሁለቱም «ዐደስ» ከሚለው ሥር ይጠቀማል። ምስር ርጥበት ካገኘ ይሻግታል፤ ሌንስም እንዲሁ። ጌዴኦ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው፤ ካሜራ የሚገድለውም መውደቅ ሳይሆን ከነቆዳ ቦርሳው ቁም ሣጥን ውስጥ መክረሙ ነው። ሻጋታው መስተዋቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋና ቆይቶ የመስተዋቱን ቅብ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ቢጠረግም ጠባሳው አይወጣም። ቆዳው ርጥበት ስለሚይዝ ቦርሳውን ለብቻ ያስቀምጡ። ካሜራውን ክዳኑ የሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ጫማ ሲገዛ ከካርቶኑ ከሚገኙት የሲሊካ ከረጢቶች ጋር ይክተቱ። በሳምንት አንዴም አውጥተው ሻተሩን ባዶውን ይተኩሱት፤ ያልተሠራበት የጨርቅ መጋረጃ ይደርቃል። መስተዋቱን በነጠላ ጫፍ መጥረግ የተለመደ ነው፤ ግን መደረግ የለበትም። መጀመሪያ አቧራውን በአየር መንፋት ነው፣ አለዚያ አሸዋው እየፋቀ ያልፋል።

ካኖን ላላችሁም አንድ ቃል። ጃፓኖቹ በ1934 የመጀመሪያ ሙከራቸውን «ክዋኖን» ብለው በቡድሂስቶች የምሕረት አምላክ ስም ጠሩት፤ በማግሥቱ ዓመት «ካኖን» አደረጉት፤ በአውሮፓ ቋንቋዎች መለኪያ፣ ደንብ ማለት ስለሆነ ወደዱት። የቃሉ ምንጭ የግሪኩ «ካኖን»፣ የመለኪያ በትር፣ ነው፤ እኛ ከነፍስ አባታችን የምንቀበለው «ቀኖና» ከዚያው የመጣ ነው። ከ1976 ጀምሮ የወጣው ኤኢ-1 ሲያረጅ፣ ሲነሣበት እንደ ሕፃን ያስላል፤ ውስጡ አንድ ጥርስ ዘይት ፈልጎ ነው። ዘይቱን ግን የሚያውቅ እጅ ይጨምረው።

አሁን ወደ «ማጠብ»። በሌላ አገር ፊልም «ያድጋል» ወይም «ይገለጣል»፤ በእኛ ይታጠባል። ግሡን የሰጠው ደንበኛው ይመስለኛል። ደንበኛ የሚያየው ኬሚካሉን ሳይሆን እየተንጠባጠበ በገመድ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ነው፤ ልብስም እንዲሁ ይሰቀላል። ስለዚህ ፊልም እንደ ልብስ ታጠበ፣ ባለቤቱም አሳጠበ። ብርሃን የገባበት ፊልም ደግሞ «ተቃጠለ» ይባላል። አሁን በማሽን፣ ያለ አንዲት ጠብታ ውኃ፣ ከስልክ ፎቶ የሚያትም ሰውም «አሳጠብኩ» ይላል። ውኃው ሄዶ ግሡ ቀረ።

ዲላ ላይ ግን ይህ ግሥ ሌላ ባለቤት አለው። ይርጋ ጨፌ፣ ወናጎ፣ ኮቸሬ የሚታወቁት በታጠበ ቡና ነው። ቀዩ እሸት ቡና ይፈለፈላል፣ በገንዳ ይብላላል፣ በቦይ ይታጠባል፣ አልጋ ላይ ይሰጣል። «የታጠበ» ሲባል እዚህ መጀመሪያ የሚታሰበው ቡና እንጂ ፎቶ አይደለም፤ ከነገለፈቱ ለደረቀው ደግሞ «ጀንፈል» የሚል ስም አለ። ሁለቱ መታጠቦች የሚገናኙበት አንድ ቦታ መኖሩ ግን ተረት አይደለም። በ1995 አሜሪካ ሮቸስተር በሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህሩ ስኮት ዊሊያምስ ከተማሪዎቹ ጋር ፊልም በቡና አጥቧል። ዘዴው «ካፌኖል» ይባላል። የሚሠራው ካፌይን አይደለም፤ ካፌይክ አሲድና መሰሎቹ ናቸው። ቡና ውስጥ ያሉት እነዚህ ውሁዶች ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር ይለውጣሉ። «ካፌ» ከጣልያን፣ የጣልያኑ ከቱርክ፣ የቱርኩ ከዐረብኛ «ቀህዋ» ነው፤ ዐረብ ግን ፍሬውን «ቡን» ይለዋል፤ ከእኛው ቃል ጋር አንድ ነው።

መጠኑ ለአንድ ሊትር ውኃ ይህ ነው፦ 54 ግራም ውኃ አልባ ሶዲየም ካርቦኔት፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም ሟሚ ቡና። በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ። የመጋገሪያው ሶዳ ሌላ ነው፣ በእርሱ አይሆንም። ሽታው መጥፎ ነው፤ የይርጋ ጨፌን ቡናም ለዚህ ማባከን ነውር ነው፣ ርካሹ ሟሚ ቡና ይበልጥ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን ቡናም ሎሚም አያድንም፤ የተረፈውን የብር ጨው የሚያሟሟው ሃይፖ ያስፈልጋል። ያን ባሕርዩን በ1819 ያስተዋለውም ያው ኸርሼል ነው። ቀጥሎ በሚፈስ ውኃ በደንብ ማጠብ፤ እዚህ ላይ የአማርኛው ግሥ ሙሉ በሙሉ ትክክል ይሆናል።

«ፊልም» በጥንቱ እንግሊዝኛ ስስ ቆዳ፣ ሽፋን ማለት ነበር። ጌዴኦ ውስጥ ያ ስስ ቆዳ ከያዛቸው ነገሮች አንዱ ድንጋይ ነው። የፍራንክፈርቱ ፍሮቤኒየስ ተቋም ጉዞ በ1930ዎቹ አጋማሽ በአዶልፍ የንሰን መሪነት ደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር፣ ያኔ «ደራሳ» በሚባለው አገር ትክል ድንጋዮቹን በፎቶ አንሥቷል። ቱቱ ፈላ የተባለው ቦታ የሰው ገጽታ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉት፤ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እነርሱም ገብተዋል። ለሚያነሣ ሰው አንድ ምክር፦ እኩለ ቀን አይሂዱ። ፀሐይ ዜኒት ላይ ስትሆን፣ ማለትም ልክ ከራስ በላይ፣ ቅርጹ ይጠፋል፤ ጥላ አግድም የሚወድቅበት ማለዳ ወይም አመሻሽ ነው የድንጋዩን ፊት የሚያወጣው።

በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋ ጨፌ ቀደም ሲል ፎቶ ቤት የነበራችሁ ወይም ከአባታችሁ የወረሳችሁ፣ የቀሩትን ኔጋቲቮች አትጣሉ። ከላስቲክ አውጥታችሁ በደረቅ ወረቀት ጠቅልሏቸው፣ የሰውየውንና የቦታውን ስም በእርሳስ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ሥራውን የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ካለ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዕቃ ምን ይሉት እንደነበር ጠይቁና ጻፉት፤ በአማርኛም በጌዴኦፋም።