የንስሐ አባት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን «የንስሐ አባት» የሚባለው የምእመኑን ኑዛዜ ሰምቶ ቀኖና፣ ማለትም እንደ በደሉ መጠን የጾም፣ የስግደትና የምጽዋት ሥርዓት የሚሰጥ ካህን ነው፤ በንስሐ ልጆቹ ቤት ግን ኃላፊነቱ ከዚህ ይሰፋልና ቤቱን ጠበል ይረጫል፣ የተጣሉትን ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ የታመመውን ይጠይቃል፣ ሞት ሲመጣም ለፍትሐት ይቆማል። ይህ ሁሉ ካህኑና ቤተሰቡ በአንድ አጥቢያ፣ ማለትም በአንድ ደብር ዙሪያ፣ ተቀራርበው መኖራቸውን የሚጠይቅ ነው።

በስደት ግን ይህ መቀራረብ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ለምሳሌ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ምግብ ቤቶቹና ሱቆቹ ጎን ለጎን ቢቆሙም፣ ምእመናኑ በሰፊው ከተማ ተበታትነው ስለሚኖሩ አጥቢያ በእግር ሳይሆን በመኪና የሚደረስበት ሆኗል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተከፈለው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሲኖዶስ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ እስኪታረቅ ድረስም፣ ለብዙ ስደተኛ ቤተሰብ የንስሐ አባት መያዝ ወገን ከመለየት ጋር ተቆራኝቶ ነበር፤ ይህም ለነፍስ እረኝነት ከባድ ጉዳት ነበር።

ዛሬ ትልቁ ችግር ቋንቋ ነው። አማርኛ አጥርቶ የማይናገር ወጣት የልቡን የሚገልጥለት ካህን ካላገኘ የንስሐ አባት የወላጆቹ ብቻ ሆኖ ይቀራልና፣ በስደት ያሉ አድባራት እንግሊዝኛ የሚችሉ ካህናትን ማፍራትን ከሕንፃ ግዢ ሊያስቀድሙ ይገባል።