ከጊፋታ አደባባይ እስከ ኪነት መድረክ፦ የወላይታ ተወዛዋዦች በአብዮቱ ዘመን

የወላይታ ውዝዋዜ በሠርግ ቤትም ሆነ በቴሌቪዥን ከሩቅ የሚለይ ቢሆንም፣ ከመንደር አደባባይ ወጥቶ የመድረክ ጥበብ የሆነበት ታሪክ ግን እምብዛም አልተጻፈም። የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጉኑኖ፣ እንደ ሌላው ወላይታ ሁሉ፣ ጭፈራ የሚደምቀው በመስከረም በሚከበረው ጊፋታ፣ ማለትም በወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይቀበላል፤ ጨፋሪው ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ወገቡን ከከበሮው ምት ጋር ያስማማል፤ የደከመው ወጥቶ ሌላው ስለሚገባም ጨፋሪና ተመልካች ተለይተው አይታወቁም።

ሁለቱን የለየው መድረክ ነው። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የብሔረሰቦችን ባህል እኩልነት ከተቀበለ በኋላ፣ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ እነዚህም ዘፈንን፣ ውዝዋዜንና ድራማን ለአብዮቱ ቅስቀሳ የሚያውሉ የወጣቶች ስብስቦች ነበሩ። ወላይታ ያን ጊዜ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ ሲሆን፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ወላይትኛን ከማስተማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። በመድረክ ላይ ክቡ ጭፈራ ተከፍቶ ፊቱን ወደ ተመልካች አዞረ፤ ሰዓታት ይፈጅ የነበረው በደቂቃዎች ተወሰነ፤ በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ መስመር የሚሸመነው ዱንጉዛም የቡድን ልብስ ሆነ። ጭፈራው በዚህ ነፃነቱን በከፊል ቢያጣም፣ ቀድሞ ወላይታን በስም ብቻ ለሚያውቀው ሕዝብ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ባህላዊ ጭፈራን ለመድረክ የማሰናዳት አሠራር በሶሻሊስቱ ዓለም የታወቀ ነበር፤ ኢጎር ሞይሴየቭ በሞስኮ የሕዝብ ጭፈራ ቡድኑን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ሶቪየት ኅብረት ግን ከቡድኑ ባሻገር የግለሰቧን ተወዛዋዥ ስም አግንና ጠብቃለች። ለዚህ ማያ ፕሊሴትስካያ ትጠቀሳለች። አባቷ በስታሊን ዘመን እ.ኤ.አ. በ1938 ተገድሎ፣ እናቷ ታስራ ሳለ ያደገችው ይህች ባለሪና፣ ማለትም በባሌት የሠለጠነች ተወዛዋዥ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የቦልሾይ ቴአትርን ተቀላቀለች፤ ከቡድኑ ጋር ወደ ውጭ እንዳትወጣ ለዓመታት ተከልክላ፣ አሜሪካን ያየችው በ1959 ነው። በ1967 ባለቤቷ ሮዲዮን ሽቸድሪን ባሰናዳው ሙዚቃ የቀረበው «ካርመን ስዊት» ባለሥልጣናቱን ቢያስቆጣም በስሟ ጸንቶ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ስታርፍ ሥራዎቿ በፊልም ተቀርጸው፣ የሕይወት ታሪኳም በራሷ እጅ ተጽፎ ነበር። መንግሥት የበደላትን ያህል መዝግቧታል ማለት ይቻላል።

የኪነት ተወዛዋዦች ዕጣ ከዚህ ይለያል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እጃቸውን ለዘረጉ አገሮች ምስጋና ለማቅረብ የተሰናዳው «ሕዝብ ለሕዝብ» የተሰኘው የኪነ ጥበብ ጉዞ የኢትዮጵያን ጭፈራዎች ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሲወስድ እንኳ፣ በሕዝብ አእምሮ ጎልቶ የቀረው የድምፃውያኑ ስም ነው። በካሴት ሽፋን ላይም የሚታተመው የዘፋኙ ስም እንጂ እስክስታውን የወረደችው ወይም ወገቧን ከምቱ ጋር ያዋሐደችው ሴት ስም አልነበረም። ይህ የጥበብ ማነስ ሳይሆን የመዝጋቢ መጥፋት ነው።

በ1971 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበሩት የጉኑኖና የሶዶ ተወዛዋዦች ዛሬ ስድሳዎቹን አጋምሰዋል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና የዞኑ የባህል ተቋማት ቃላቸውን፣ ፎቶግራፋቸውንና እንቅስቃሴያቸውን በምስልና በጽሑፍ ሊያስቀሩ ይገባል፤ ሥራውም በየቤታቸው ሄዶ ስማቸውን በመጻፍ ሊጀመር ይችላል።