በክር የተጻፈ

ልጅ ሳለሁ፣ በክረምት ማታ መብራት ሲጠፋ እናቴ ኩራዝ ለኩሳ በኪሮሽ ዳንቴል ትሠራ ነበር። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አነባለሁ። የእርሷም እጅ ይጽፍ እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ፣ የአንድ ሩቅ አገር ሻልን ታሪክ ሳነብ ነው።

ሻሉ የኦረንበርግ ነው። ኦረንበርግ በሩስያ ምድር፣ በኡራል ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ የእርሷ ግን በረዶ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። የአካባቢው ፍየሎች ከውጭው ጠጉራቸው ሥር እጅግ ለስላሳ የሆነ ሌላ ጠጉር ያበቅላሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይህ ጠጉር በማበጠሪያ ይወሰዳል። ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ከቀጭን ሐር ጋር ገምደውም በመርፌ ሻል ይሠሩበታል። ምርጡ ሻል ከመሳሳቱ የተነሣ በጣት ቀለበት ውስጥ ያልፋል።

አሠራሩ ለዐይን ቀላል ይመስላል። ሠሪዋ ክሩን በመርፌዋ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥማ ቀዳዳ ትከፍታለች፤ በምትኩ ሁለት የክር ዐይኖችን በአንድ ታጣምራለች። የተከፈተው በተጣመረው ስለሚካካስ ቁጥሩ አይዛባም። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ገቢና ወጪው የተካከለ መዝገብ ታየኝ። ግጥም እንደሚሞክር ሰው ደግሞ የገረመኝ ጌጡ ክሩ በሌለበት ቦታ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1766 ፒዮትር ሪችኮቭ የተባለ የኦረንበርግ ምሁር ስለ ፍየል ጠጉር ጽሑፍ አሳተመ። በ1770 ደግሞ ባለቤቱ ዬሌና ከዚሁ ጠጉር ለሠራችው ሥራ ከሴንት ፒተርስበርጉ የነጻ ኢኮኖሚ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመች። ከሦስት ዓመት በኋላ ዐመፀኛው ፑጋቾቭ ከተማዋን ከበበ፤ ከበባውም ክረምቱን ሙሉ ዘለቀ። ሪችኮቭ የዚያን ክረምት ዜና መዋዕል ጻፈ። እኛ ኢትዮጵያውያን እንደ ዘመድ የምንቆጥረው ፑሽኪን በ1833 እዚያው ድረስ ሄዶ ታሪኩን መረመረ፤ በ1834 ባሳተመው የፑጋቾቭ ታሪክም የሪችኮቭን ዜና መዋዕል አባሪ አደረገው። እነሆ፣ የባል ጽሑፍ ከታላቅ ባለቅኔ መጽሐፍ ገባ። የሚስት ሻልስ? ሻል ይለበሳል፤ ያልቃል።

ሙያው ግን አላለቀም። በ1958 ቪክቶር ቦኮቭ፣ ልጅ ለእናቷ ስለሠራችው የኦረንበርግ ሻል ግጥም ጻፈ፤ ግሪጎሪ ፖኖማሬንኮ ዜማ ሰጠው፤ ሩስያም ዘፈነችው።

ከእናቴ ዳንቴሎች አንዱ ዛሬ በመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ ተነጥፏል። ስሟ አልተጻፈበትም። በአንዱ ጥግ ቁጥር የሳተችበት ቦታ አለ፤ ምናልባት እኔ በጥያቄ ያዋከብኋት ማታ ይሆናል። ለእርሷና ለዬሌና ይህችን ጽፌያለሁ፦

በቀለም የጻፈው ስሙ ሲወሳ፣
በክር የጻፈችው ለምን ትረሳ?