የጋጣ ስምና የማዕድ ስም

ዋልተር ስኮት በ1819 መገባደጃ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለንባብ ያበቃው «አይቫንሆ» የተሰኘ ልብ ወለድ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለት ሎሌዎችን በጫካ ውስጥ ያነጋግራል። ጉርዝ እሪያ ጠባቂ ነው፤ የጌታው ስም የተቀረጸበት የናስ ቀለበት ከአንገቱ አይወልቅም። ዋምባ ደግሞ የዚያው ጌታ አጫዋች ነው። አጫዋቹ ለጠባቂው የሚነግረው ነገር ስለ እንግሊዝኛ ታሪክ በሚጻፉ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይደገማል፦ እንስሳው በጠባቂው እጅ ሳለ በሳክሶኖች ቋንቋ «ስዋይን» ይባላል፤ ታርዶ ከኖርማን ባላባት ገበታ ሲቀርብ ግን በፈረንሳይኛ «ፖርክ» ይሆናል። በ1066 የተሸነፈው ይጠብቃል፤ ያሸነፈው ይበላል።

ሐሳቡ የስኮት አይደለም። የሒሳብ ሊቁ ጆን ዋሊስ በ1653 በላቲን ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ይህንኑ አስተውሎ ነበር። ስኮት ያደረገው የሰዋስውን ነገር አንገቱ ለታሰረ ሰው ማሰማት ነው፤ ከዋሊስ ይልቅ እርሱ የሚታወሰውም በዚህ ይመስለኛል።

ቃላቱ ግን እንደ ታሪኩ ታዛዦች አይደሉም። «ሃም» የተባለው የኋላ እግር ሥጋ ስሙን ያገኘው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ነው፤ ቀድሞ የጉልበትን እጥፋት ያመለክት ነበር። «ቤከን» በፈረንሳይኛ በኩል ቢገባም ሥሩ ጀርመናዊ ነው። «ፖርክ»ም በመካከለኛው ዘመን ለሥጋው ብቻ አልነበረም፤ በሕይወት ያለው እንስሳም ይጠራበት ነበር። ከድሉ አምስት መቶ ዓመት በኋላ እንኳ፣ በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ኢሳይያስ «የስዋይን ሥጋ» ይላል እንጂ «ፖርክ» አይልም።

ድሉ ይልቁን ጎልቶ የሚታየው በመዝገብ ላይ ነው። ድል አድራጊው ዊልያም ባዘዘው፣ በ1086 በተጠናቀረው «ዱምስዴይ» በተባለ መዝገብ፣ በምሥራቅ እንግሊዝ ጫካ የሚለካው ሊቀልባቸው በሚችላቸው አሳማዎች ቁጥር ነበር፤ «የመቶ አሳማ ጫካ» እንደ ማለት። በመጸው ከዛፍ የሚረግፈውን የኦክና የቢች ፍሬ እንዲለቅሙ አሳማዎችን ወደ ጫካ መልቀቅም፣ ለዚያ የሚከፈለው ዋጋም «ፓነጅ» ተባለ፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ ነው። በ1217 የወጣው የደን ቻርተር በንጉሡ ደን ክልል ውስጥ የገዛ ጫካ ላለው ነጻ ሰው ይህን መብት አጸና። ጉርዝን የመሰለ ነጻ ያልሆነ ሰው በዚያ አንቀጽ ውስጥ የለም። ልማዱ ኒው ፎረስት በተባለው የደቡብ እንግሊዝ ደን እስከ ዛሬ አለ።

ከእንስሳው ጋር የሚውል ሰው የሚጠራቸው ቃላት ግን ፈረንሳይኛ ሳይነካቸው ቆዩ። ያልወለደች ወጣት እንስት «ጊልት» ናት፤ ቃሉ ከስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች የተወረሰ ነው። የወለደችው «ሳው»፣ ለዘር የተተወው ወንድ «ቦር»፣ የተኮላሸው «ባሮው» ይባላል። ጊደር፣ ላም፣ ኮርማ፣ ሰንጋ እያለ ለሚለየው ለእኛ ከብት አርቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ለአሳማ ግን አማርኛ እንዲህ ያለ ሀብት የለውም። የሃይማኖት ሥርዓት ሥጋውን ከማዕዳችን ስላራቀው መጽሐፉ «እሪያ» ይላል፣ ሰፈሩ «አሳማ» ይላል፣ ዱሩም «ከርከሮ» አለው፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። በሉቃስ ወንጌል የጠፋውን ልጅ ታሪክ የሚያነብ የእኛ አንባቢ፣ እሪያ ጠባቂ የሆነው ልጅ ውርደት ወዲያው ይሰማዋል፤ ሥራውን ግን አያየውም።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ የምወደው «ፋሮው» የሚለውን ነው። ዛሬ በእርሻ ቋንቋ የአሳማ ወሊድ ማለት ነው፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግን የግልገሉ መጠሪያ ነበር። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ ቃልና «ፖርክ» የተገኘበት የላቲኑ «ፖርኩስ» ከአንድ እጅግ ጥንታዊ ሥር የበቀሉ ናቸው። በባላባቱ ማዕድ ላይ የተቀመጠው ቃልና ጠባቂው ጋጣ ውስጥ ለግልገሉ የሚጠራው ቃል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በ1066 ሲገናኙ ግን የሚያስተዋውቃቸው አልነበረም። ስኮትም ይህን አላነሣውም፤ ዋምባ ቢያውቀው ኖሮ ሌላ ቀልድ በወጣው ነበር።