«ሀ» በማሽን ቋንቋ ውስጥ

ሰው የሚጽፈው ፕሮግራምና ኮምፒዩተር የሚፈጽመው ትእዛዝ አንድ አይደሉም። በ1984 እ.ኤ.አ. ፒተር ዶይችና አለን ሺፍማን የስሞልቶክን መካከለኛ ኮድ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ዘዴ አቀረቡ። በ1995 ይፋ የሆነው ጃቫም በ1999 በወጣው ሆትስፖት በተባለው ቨርቹዋል ማሽን ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ትርጉሙ በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ስለሚኖር፣ ለመመርመር ቁጥሮቹን ወደ ትእዛዝ ቃላት የሚፈታ ዲስአሴምብለር ያስፈልጋል።

በዚያው በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት «ሀ» 4608ኛውን ቁጥር ያዘ። ዛሬ አንድ የኮልፌ ቀራንዮ ተማሪ በጃቫ «ሀ» ብሎ ጽፎ መካከለኛውን ኮድ ቢፈታ የሚያገኘው 4608ን ነው። ስለሆነም ሥርዓተ ትምህርቱ በመጻፍ ብቻ ቢወሰን፣ ተማሪው የገዛ ፊደሉን በማሽኑ ውስጥ ሲያየው ሊለየው አይችልም። መጻፍን ከመፍታት ጋር አጣምሮ ማስተማር ይገባል።